መጋዙ ከአሰላ ወደ መተሐራ ሲወርድ

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዛፍ ቆርጦ ለማደር ምን ማሽን ይበጃል?

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነሥቶ በኢተያና በዴራ ቁልቁል ወርዶ፣ አዋሽ መልካሳን አልፎ አዳማ የገባ መኪና 700 ሜትር ያህል ወርዷል። በወለንጪቲ በኩል ወደ ምሥራቅ ከቀጠለ ደግሞ መተሐራ ሲደርስ ከፍታው 950 ሜትር አካባቢ ነው። ግማሽ ቀን በማይሞላ ጉዞ ጋቢ ከሚያስደርብ ብርድ ሸሚዝ ወደሚያስወልቅ ሙቀት ይገባል። ሰው ጋቢውን አጥፎ ያስቀምጣል። ከገመዱና ከጀሪካኑ ጋር የተጫነው የሞተር መጋዝ ግን የሚነካው ካልተገኘ አሰላ ላይ እንደተስተካከለ ነው የሚወርደው።

መተሐራ ላይ ገመዱ ሲሳብ ሞተሩ በአንዴ ይነሣል። ድምፁ ከወትሮው የቀጠነና የሚጮህ ነው፤ ጉልበት የጨመረም ይመስላል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ሥራውን ይጀምራል። ሁለተኛውን ታንክ ቤንዚን ሳይጨርስ መጋዙ ግንዱ መሀል ቀጥ ይላል። ገመዱ ቢሳብ አይንቀሳቀስም። ተፈትቶ ሲታይ ፒስተኑ ጎኑ ተፋፍቋል፤ የሲሊንደሩም ግድግዳ ተጭሯል።

ምክንያቱ አየር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚነዳው ቤንዚንና አየር በልክ ሲደባለቁ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በቆላ ልክ የሚገባው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ መካኒኩ የካርቡራቶሩን ብሎን ጠበቅ አድርጎ ቤንዚኑን ይቀንስለታል። ይህ ልክ ለአሰላ ትክክል ነው። መጋዙ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ እንደተቀነሰ ይቀራል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ማለስለሻ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነውና ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። በደቂቃ ከ12 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር፣ ያውም በቆላ ፀሐይ፣ ይህን ብዙ አይችለውም።

በስምጥ ሸለቆ ዛፍ መቁረጥን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው የማሽን ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዱ ሥራ አርሲ ደጋ፣ ሌላው ፈንታሌ ቆላ፣ ሦስተኛው አዳማ መሀል ከተማ ይገኛል። እንጨቱም፣ አፈሩም፣ መንገዱም በየቦታው ሌላ ነው። የፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቅ በፊት ማሽኑ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቆርጥና ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ያስፈልጋል።

አጣናና ግንድ

የዚህ ገበያ ዋናው ዛፍ ባህር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ዛሬ በደጋም በቆላም የገበሬው ቋሚ ሀብት ነው። ነጩ ባህር ዛፍ የሚስማማው ለደጋ ሲሆን ቀዩ ሙቀትንና የዝናብ እጥረትን ስለሚችል በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ይበዛል። ቀጭኑ ለማገርና ለአጣና፣ ወፈር ያለው ለቋሚና ለስልክ እንጨት፣ ከዚያ ያለፈው ለጣውላ ይሸጣል። የቀረው ማገዶ ነው። በአዳማ በግንባታ ላይ ያሉ ሕንፃዎችን ዙሪያቸውን አቅፎ የሚታየው መወጣጫም ይኸው አጣና ነው።

ባለ ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከነቁመቱ ነው። ነጋዴው በዛፎቹ መካከል እየተዘዋወረ በዓይኑ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚያ ባለ መጋዙን ይጠራል። የውሉ ንግግር አጭር ነው።

«ጋሼ፣ በዛፍ ነው ወይስ በቀን?»

«በዛፍ ይሁን። ጉቶውን ግን ዝቅ አድርገህ፣ ልጡ ሳይላጥ ቁረጥልኝ።»

የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጉዳይ ቀላል አይደለም። ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከአንድ ተከላ ብዙ ጊዜ የሚታጨደውም ለዚህ ነው። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከልጡ ሥር ስለሆነ በምሳር የተፈለጠና ልጡ የተገነጠለ ጉቶ የሚቀጥለውን ምርት ያጎድላል። በተሳለ መጋዝ ከመሬት አንድ ስንዝር ባልሞላ ከፍታ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ትንሽ ዘመም ተደርጎ የተቆረጠ ጉቶ ግን ንጹሕ ነው። በምሳር ሲቆረጥ በፍልጣፊ መልክ የሚባክነው የግንዱ ወፍራም ክፍልም ይተርፋል። ለገበሬው የሞተር መጋዝ ጥቅሙ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከግል ማሳ ሌላ ትልልቅ ሥራ የሚገኘው ከሻሸመኔ በላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ገደል ላይ ከተዘረጋው የሙነሳ ሻሸመኔ ደን ነው። በኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ሥር ያለው ይህ ደን የፈረንጅ ጽድ፣ የፓይንና የባህር ዛፍ ተከላ አለው። እዚያ የሚቆረጠው አጣና ሳይሆን ለመሰንጠቂያ የሚገባ ግንድ ነው። ለአጣና የተገዛ ትንሽ መጋዝ እዚህ ቢመጣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባሩ ግንዱን አያካልለውም፤ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ይውላል።

የመጋዙ ልክ

ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል ድርጅቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በ1929 ያወጣው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ስለነበር ለሁለት ሰው የሚሆን ሸክም ነበር። ከ1689 ጀምሮ ጠመንጃ ሲሠራ የኖረው የስዊድኑ ሁስክቫርና ደግሞ ወደ ሞተር መጋዝ የገባው በ1959 ነው። ዛሬ ለሥራው የሚፈለገው ጉልበት አንድ ሰው በሚሸከመው ክብደት ይገኛል። ለምሳሌ የሽቲል ኤምኤስ 381፣ 72.2 ሲሲ ሞተርና 3.9 ኪሎዋት ጉልበት ይዞ ያለ ባሩና ያለ ሰንሰለቱ 6.6 ኪሎ ያህል ነው።

ይህ 3.9 ኪሎዋት ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ያው መጋዝ መተሐራ ላይ 3.5፣ አሰላ ላይ ደግሞ 3 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። በካታሎግ ላይ የሚበቃ የሚመስለው መጋዝ ደጋ ላይ የሚያንሰው ለዚህ ነው፤ ለአርሲ የሚገዛ ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ቢገዛ አያጠፋም።

በተግባር ምርጫው በሦስት ይከፈላል። ለክርከማና ለቅርንጫፍ ከ30 እስከ 35 ሲሲ ያለው ቀላል መጋዝ ይበቃል። ለአጣናና እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ ከ45 እስከ 50 ሲሲ፣ ባሩም ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የተመጠነ ነው። ከዚያ ለወፈረው ግንድ 70 ሲሲና ከዚያ በላይ፣ ከ50 እስከ 63 ሳንቲ ሜትር ባር ያስፈልጋል። ትልቁን መጋዝ ለሁሉም መጠቀም ብልህነት ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ግን የሠራተኛው ክንድ ይዝላል። አደጋ የሚበዛውም ክንድ ሲዝል ነው።

አዳዲሶቹ ሞዴሎች ድብልቁን በራሳቸው የሚያስተካክል ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አላቸው። ከአሰላ መተሐራ ለሚመላለስ ሰው የተሠሩ ይመስላሉ፤ ብሎን መንካት አያስፈልግም። ሲበላሹ ግን ችግሩን ለማንበብ የአምራቹ መመርመሪያ መሣሪያ ይጠይቃሉ፤ ያ በቅርብ ከሌለ መጋዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተራውን ካርቡራቶር ደግሞ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ የሚያስተካክል መካኒክ በየከተማው አለ። ቦታ በተቀየረ ቁጥር ብሎኑን ለማስነካት ትዕግሥት ላለው ሰው አሮጌው ዘዴ ዛሬም ያዋጣል።

መለዋወጫ ሌላው ፈተና ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮና ሰንሰለት አዳማም ይገኛል። ፒስተን፣ ጓርኒሲዮን ወይም ኩሽኔታ ሲፈለግ ግን መንገዱ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሊወስድ ይችላል። በገበያው የታወቁትን ብራንዶች መልክና ቀለም አስመስለው የተሠሩ ፎርጅድ መጋዞች ሞልተዋል። ዋጋቸው ይማርካል፤ አንዳንዱ ክፍላቸውም ከኦሪጅናሉ ጋር ይገጥማል። ሲሊንደሩና የሰንሰለት ፍሬኑ ግን የሚታመን አይደለም፤ ፍሬኑ ደግሞ ሰው የሚያድነው ክፍል ነው። በሙያው የቆዩ ሰዎች የሚከተሉት ቀላል መላ አለ፦ ሁለት የተለያየ ሞዴል ከመግዛት አንድ ዓይነት ሞዴል ሁለት መግዛት። አንዱ ሲሰበር ሌላው ይሠራል፤ መለዋወጫውም፣ ሞረዱም፣ ልምዱም አንድ ይሆናል።

ጀሪካን፣ ዘይትና ሞረድ

የአንድ ቀን ሥራ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በትልቅ ብልሽት አይደለም፤ በቤንዚን እጦት ነው። መጋዝ ማደያ ድረስ ተነድቶ አይሄድም፤ ቤንዚኑ በጀሪካን መምጣት አለበት። በሕገወጥ የነዳጅ ንግድ ምክንያት በጀሪካን መሸጥ ላይ በተጣለው ገደብ የተነሣ ባለ መጋዙ እንደ ባለ ውኃ ፓምፑ ገበሬ ሁሉ ከአስተዳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መሰለፍ ይጠበቅበታል። ደብዳቤው ሥራው ከመጀመሩ ቀናት በፊት ካልተያዘ ነጋዴው፣ ጫኚውና መኪናው ተሰብስበው ቤንዚን ይጠብቃሉ።

ድብልቁም በግምት አይሠራም። ለባለ ሁለት ምት ተብሎ በተሠራ ጥራት ያለው ዘይት ልኩ 50 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ለተራው ዘይት 25 ለ 1፣ ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም። ከመኪና የተቀየረ የተቃጠለ ዘይት በሰንሰለቱ ላይ ማፍሰስም የተለመደ ቁጠባ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን ፓምፑንና ባሩን ይበላል።

ሰንሰለቱን በፍጥነት የሚያደነዝዘው አቧራ ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ የበዛበት፣ እንደ መስታወት ብናኝ የሚፍቅ ነው። ነፋስ ልጡ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ጥርሱ እንደ ምላጭ የሾለው ሰንሰለት ለደጋው ንጹሕ ግንድ ጥሩ ሲሆን፣ ለመተሐራና ለወለንጪቲ ማዕዘኑ ክብ ያለው ይሻላል። በፍጥነት አይቆርጥም፤ ስለቱን ግን ይዞ ይቆያል። የአየር ፊልትሮውም በቆላ በየቀኑ መጽዳት አለበት።

ሞረዱ ከሰንሰለቱ ልክ ጋር መግጠም አለበት፦ ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለ3/8 ኢንች 5.2፣ ለ0.404 ደግሞ 5.5። የተሳለ መጋዝ ፍቅፋቂ ይተፋል፤ የደነዘዘው ዱቄት ይበትናል። ዱቄት እያየ የሚቀጥል ሠራተኛ መጋዙን በጉልበት እየተጫነ ቤንዚን ያባክናል፣ ባሩን ያሞቃል፣ ራሱንም ያደክማል። በየታንኩ መሙያ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞረድ ማሳረፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከጉቶ እስከ መንገድ

ዛፍ መጣል የሥራው አጭሩ ክፍል ነው። ረጅሙ ከወደቀበት እስከ መኪናው ያለው ነው። እርጥብ የባህር ዛፍ ግንድ አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመዝናል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አራት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ሲጭን ሞልቷል፤ ላይ ላዩን ባዶ ቢመስልም። ይህን ሳያሰሉ ግንድ መቆለል ባሌስትራ መስበር ነው።

ቀጭኑን አጣና ሰው በትከሻው ያወጣዋል፤ አህያና የፈረስ ጋሪም ይረዳሉ። ወፍራሙን በሬ ይጎትተዋል። ሥራው ሲሰፋ ተቋራጩ ትራክተር ያስባል፤ አዳማ ደግሞ የትራክተር ከተማ ናት። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ቤላሩስ ትራክተሮችን ሲገጣጥም ኖሯል፤ ዛሬ አዳማ የግብርና ማሽነሪ ኢንዱስትሪ ይባላል። በዚህ የተነሣ 80 የፈረስ ጉልበት ያለውን አሮጌ ቤላሩስ የሚያውቅ መካኒክም፣ መለዋወጫም በአካባቢው አለ። ከኋላው የሚገጠም የገመድ መጎተቻ ዊንች ተጨምሮበት ግንድ ከገደል ያወጣል፤ በእርሻ ወቅት ደግሞ ያርሳል፣ ተጎታች ይጎትታል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ የማያጣ ማሽን ይህ ነው።

ክረምት ሁሉንም ያስቆማል። የአርሲ ጥቁር አፈር ሲርስ አይሱዙ እስከ አክሱ ይሰምጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተቋራጭ ከሰኔ በፊት ሩቁን ማሳ ይጨርሳል፤ ለዝናቡ ወራት አስፋልት ዳር ያለውን ያስቀራል።

ቅርንጫፍ መፍጫው

በአውሮፓና በአሜሪካ ዛፍ ቆራጭ ድርጅት ከመጋዝ ቀጥሎ የሚገዛው ቅርንጫፍ የሚፈጭ ማሽን ነው። እዚያ ቅርንጫፍ ቆሻሻ ነው፤ ለማስወገድ ገንዘብ ይከፈላል። በአዳማ ግን ቅርንጫፍ ገዢ አለው። ጭራሮው ለምጣድ፣ ቅጠሉ ለእሳት ማያያዣ፣ ወፈር ያለው ፍልጥ ለዳቦ ቤት ይሄዳል። የዛፉ ባለቤት ወይም የሠፈሩ ሰው መኪናው ሳይነሣ ሰብስቦ ይጨርሰዋል። ሊሸጥ የሚችለውን ማገዶ በውድ ናፍጣ ፈጭቶ መጣል ኪሳራ ነው። ይህ ማሽን የሚያዋጣው የተፈጨውን እንጨት በውል የሚረከብ ፋብሪካ ሲኖር ብቻ ነው።

የመሰንጠቂያው ስሌት ግን ሌላ ነው። ባለ መጋዞች በሞተር መጋዝ ጣውላ ሲሰነጥቁ ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ መስመር 9 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ዱቄት ይለውጣል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሲወጣ ከግንዱ ሩብ ያህሉ መሬት ላይ ይቀራል ማለት ነው። በቀጭን ቀበቶ ምላጭ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ የሚያባክነው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብክነቱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ግንድ በሚወደድበት ጊዜ ይህ ልዩነት የማሽኑን ዋጋ ይመልሳል። ግን በቀን ሁለት ግንድ ለሚሰነጥቅ ሰው አይደለም። ምላጩ መሳል፣ ጥርሱ መቃናት፣ ቺንጋው መወጠር አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማሽኑ ጣውላ ሳይሆን ሞገድ ያወጣል።

እሾህና ዶዘር

ከመተሐራ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠብቃል። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ አፋር አሚባራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነው። ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል፤ በኦሮሚያ በኩልም ፈንታሌ ወረዳ ገብቷል። ፍሬውን ከብትና ፍየል በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ያደርሱታል። የግጦሽ መሬት፣ የመስኖ ቦይና የጥጥ ማሳ በእሾህ ጥሻ ተውጠዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የመከላከያ ስትራቴጂ አውጥቶለታል።

ለተቋራጭ ይህ ዛፍ ተንኮለኛ ነው። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ በእጥፍ ያቆጠቁጣል። እንዳይመለስ ጉቶው ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዶ መቆረጥ ወይም ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚነሣው ከዚያ በላይ ካለው ክፍል ነውና። መጋዝ አፈር ውስጥ ገብቶ አይቆርጥም፤ ሰንሰለቱ በሰከንዶች ይደነዝዛል። ስለዚህ ሥራው የዶማና የምሳር፣ ስፋቱ ሲበዛም የኤክስካቫተርና የዶዘር ነው።

እሾሁ ጎማ ይበሳል፤ ጎማ ያለው ሎደር ወይም ትራክተር ጥሻው ውስጥ ገብቶ ከሰዓታት በኋላ ቆሞ መታየቱ የተለመደ ነው። በሰንሰለት እግር የሚሄድ ማሽን ይመረጣል። ዶዘር ፈጣን ቢሆንም የላዩን ለም አፈር አብሮ ይገፋል፤ ዘሩንም ከአፈሩ ጋር ይቆልላል። ኤክስካቫተር ቀስ ይላል፤ አንድ በአንድ ነቅሎ አፈሩን አራግፎ ይከምራል። ለመስኖ እርሻ የሚሻለው ይሄኛው ነው። 20 ቶን ኤክስካቫተር በሰዓት ከ12 እስከ 18 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ በሎቤድ መጓጓዝም አለበት። በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ሥራ ያለው ተቋራጭ እንዲህ ያለውን ማሽን ከመግዛት ከነኦፕሬተሩ በሰዓት ቢከራይ ያተርፋል።

የተነቀለው እንጨት ከባድና ጥሩ ከሰል የሚወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በአፋር ማኅበራትን አደራጅቶ ከሰሉ እንዲሸጥ፣ ፍሬው በወፍጮ ተፈጭቶ ለከብት መኖ እንዲውል ሞክሯል፤ መፈጨቱ ዘሩን ስለሚገድል ሥርጭቱንም ይቀንሳል። ሆኖም በፕሮሶፒስ ስም የአገር በቀል ግራር ከሰልም መውጣት ጀመረ፤ ባለሥልጣናቱም ንግዱን አገዱ። ከሰሉን ከሥራው ገቢ ጋር ደምሮ የሚያሰላ ተቋራጭ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይኖርበታል።

ከተማ ውስጥ

አዳማ ላይ ሥራው ይቀየራል። የሆቴሎች ግቢ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመንገድ ዳር። ዛፉም ቁንዶ በርበሬ፣ ጃካራንዳ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። እዚህ ዛፍ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ በገመድ ታስሮ ከላይ ወደ ታች ቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። ቅርንጫፉ 15 ኪሎ ቮልት መስመር አጠገብ ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን ሳያቋርጥ ማንም መውጣት የለበትም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

በከተማ የባትሪ መጋዝ ትርጉም ያገኛል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ጀሪካንም የድጋፍ ደብዳቤም አያሻውም፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ አይቀሰቅስም። ለክርከማ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ግንድ ለመቁረጥ ግን ብዙ ባትሪ ይጠይቃል፤ ባትሪው ደግሞ ከመጋዙ ሊወደድ ይችላል።

ወረቀትና ገንዘብ

ማሽኑ ዝግጁ ሆኖ ወረቀቱ ካልተሟላ መኪናው ኬላ ላይ ይቆማል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የደን ውጤት አቆራረጥንና ዝውውርን ይገዛል፤ ከግል ማሳ የተቆረጠ ባህር ዛፍ እንኳ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል። የአገር በቀሎቹ ጉዳይ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዛፍ በልጡና በቅጠሉ መለየት የማይችል ባለ መጋዝ ራሱን ለክስ ያጋልጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። መጋዙም፣ ሰንሰለቱም፣ ዘይቱም ከውጭ የሚገቡ ናቸውና በአሮጌ ዋጋ የዛፍ ውል የያዘ ሰው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ውል ሲያዝ የሰንሰለትና የነዳጅ ዋጋ ለብቻ ቢሰላ ይመረጣል። ለትላልቅ ማሽኖች የኢትዮጵያ ልማት ባንክና እንደ ኦሮሚያ ያሉት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት የሊዝ አገልግሎት አላቸው። አሠራሩ ተቋሙ ማሽኑን ገዝቶ እንዲያከራይ፣ ማሽኑም ራሱ ዋስትና እንዲሆን ነው፤ በልማት ባንኩ አሠራር ደንበኛው 20 በመቶ ያዋጣል። ክፍያው ግን ዝናብ ጣለ፣ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። በዓመት 60 ቀን ብቻ የሚሠራ ማሽን የ12 ወር ኪራይ እንዲከፍል መጠበቅ ስህተት ነው።

በበጀቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰረዘው የደኅንነት ዕቃ ነው። 38 ዲግሪ ሙቀት ላይ ወፍራም መከላከያ ሱሪ መልበስ ያስቸግራል፤ ብዙዎች በሸበጥና በቁምጣ ይሠራሉ። ሰንሰለቱ ግን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። የባሩ ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይፈናጠራል፤ ሰው ከማሰቡ በፊት። የራስ ቁር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ጫማ፣ ጓንት፣ የሚሠራ የሰንሰለት ፍሬን የአንድ መጋዝ ዋጋ ቢያወጡም የመጀመሪያው ወጪ መሆን አለባቸው። በቆላ መፍትሔው መከላከያውን ማውለቅ ሳይሆን ሥራውን ከማለዳ እስከ ረፋድና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ነው።

በዚህ ሥራ ለመሰማራት ለሚያስብ ሰው የወጪው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይበጃል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መካከለኛ መጋዞች፣ ሙሉ የደኅንነት ልብስ፣ ትክክለኛ ሞረዶችና ዘይት። ቀጥሎ፣ ሥራው ዓመቱን ሙሉ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ በአካባቢው መካኒክ የሚታወቅ ትራክተር ከዊንች ጋር። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ የግንድ አቅርቦት ውል ከተያዘ በኋላ፤ ኤክስካቫተርና ዶዘር በኪራይ ብቻ። ቅርንጫፍ መፍጫው ገዢ ፋብሪካ እስኪገኝ ይቆይ። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ዕውቀቱ አለው፤ የአዳማ የቴክኒክ ኮሌጆችም ወርክሾፑ አላቸው። ተባብረው ለባለ መጋዞች የሁለት ሳምንት የአቆራረጥ፣ የጥገናና የደኅንነት ሥልጠና ቢሰጡ፣ የከተማ አስተዳደሮችም የዛፍ ሥራ ሲያወጡ ያንን የምስክር ወረቀት ቢጠይቁ፣ በየሳምንቱ ከሚቃጠለው ፒስተን ጀምሮ እስከሚጎዳው ሰው ድረስ ብዙ ጉዳት ይቀንሳል።